ባዶ ሳህን አይመለስም

ኢኖባት ሙሽራ ሆና ወደ መንደራችን ወደ ጉልባህር በመጣች ማግስት ተናገረች። ሙሽራ ያን ቀን አትናገርም። ፊቷን በሻሽ ሸፍና ግቢው መሃል ትቆማለች፤ የባሏ ዘመዶች ስም በተጠራ ቁጥር ጎንበስ ቀና ትላለች፤ በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። እሷ ግን የአንዱ አጎት ስም ሲጠራ ከሻሹ ሥር ሆና «እኚህ ሰውዬ ሞተዋል አልተባለም እንዴ? ታዲያ ለማን ነው የማጎነብሰው?» አለች። አማቷ ክው አሉ። እኔ ያኔ ልጃገረድ ነበርኩና አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ ሳቄ አምልጦኝ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ወዳጅነታችን የጀመረው የዚያን ዕለት ነው።

ዛሬ እሷ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት፤ እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። እሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ እኔ መስኮቴ ሥር ከሚሰለፈው ሰው ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ። ባሏ ሶቢር የዳቦ ምድጃ ከጭቃ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ለምን እንዳገባት ሲጠየቅ «እሷ ስለምትጠይቅ እኔ መጠየቅ አያስፈልገኝም» ይላል። እውነቱን ነው። ልጇን የፈላ ውሃ ያቃጠለባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ እኔ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ «ዓይንሽ የት ነበር?» እላለሁ። ኢኖባት ግን ቁስሉን እያጠበች «ሳሞቫሩ የት ጋ ነበር የተቀመጠው?» ትላለች። ከዚያ ማታውን ሄዳ ሳሞቫሩን፣ የሻይ ውሃ ማፍያውን፣ ታያለች። የሰው ጓዳ ገብታ ሳሞቫር ስታይ የምታመሽ ሴት እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

አሁን የምነግራችሁ ግን ስለ ሳሞቫር አይደለም።

አፕሪኮቱ ተለቅሞ ጣራ ላይ በተሰጣበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ዜቢኒሶ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ዜቢኒሶ የቱርሱኖይ ኾላ ምራት ናት፤ ኾላ አክስት ማለት ነው፣ ትልልቅ ሴቶችን የምንጠራበት። ባሏ ባህሮም እንደ ብዙዎቹ ጎረምሶቻችን ሩሲያ ሄዶ ሕንፃ ይሠራል። እሷና አማቷ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የምትጠራቸውም «እናቴ» ብላ ነው።

«ኦፓ፣ እህቴ፣ ድረሺልኝ!» አለች ኢኖባትን። «እናቴ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ብጠራቸው ብጠራቸው አይሰሙኝም!»

ዋናው ሐኪም መኪናውን አስነሣ፤ ኢኖባት ቦርሳዋን ይዛ ዘላ ገባች። ቤቱ ሲደርሱ ቱርሱኖይ ኾላ በረንዳው ላይ ተዘርግተዋል። ኢኖባት ጣታቸውን ወግታ የደም ስኳራቸውን ለካች። የለም ማለት ይቀላል፤ እዚያ ድረስ ወርዷል። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጧቸው። ጥቂት ቆይቶ አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡና ዙሪያቸውን አይተው «በሩን ማን ነው ክፍት የተወው? ዶሮዎቹ ይወጡብኛል» አሉ።

ሁሉም ሳቀ። ዜቢኒሶ ብቻ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ እንዳለው ስኳር እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚወድቀው ስኳር በሽታ የሌለበት ሰው የስኳር በሽተኛ ኪኒን በባዶ ሆዱ ሲውጥ ነው። ቱርሱኖይ ኾላ ደም ግፊት እንጂ ስኳር የለባቸውም። እዚያ ቤት ስኳር ያለበት ሰው የለም። ስኳር ያለባቸው የዜቢኒሶ እናት ናቸው፤ ዜቢኒሶ ደግሞ በቅርቡ ወላጆቿን ጠይቃ ተመልሳለች። በየጠዋቱ ለአማቷ የግፊቱን ኪኒን በእጇ የምትሰጠውም እሷው ናት።

የቱርሱኖይ ኾላ ልጅ ናዞካት ከባሏ ቤት ደርሳ ይህን ስትሰማ ሁለቱን ለመደመር ጊዜ አልወሰደባትም።

«ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው» አለች። «ወይ አደባልቃለች፣ ወይ ሆን ብላለች። ሁለቱም ለኔ አንድ ነው።»

«እምላለሁ! እኔ የግፊቱን ብቻ ነው የሰጠኋቸው» አለች ዜቢኒሶ።

«ታዲያ የስኳሩ ከሰማይ ወረደ?»

ኢኖባት አሮጊቷን ጠየቀቻቸው። «ኾላ፣ ጠዋት ምን ዋጡ?»

ቱርሱኖይ ኾላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ምራቴ የሰጠችኝን» አሉ። «ሌላ የማውቀው የለም።»

ናዞካት ስልኳን አንሥታ ለወንድሟ ደወለች። ምን እንዳለችው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ድምፅዋ እንደሆነ ስልክም አያስፈልገውም። በዚያው ዕለት ዜቢኒሶ ጓዟን ጠቅልላ፣ ያንኑ አንድ ጫማ ከጓደኛው ጋር አገናኝታ፣ ወደ ወላጆቿ መንደር ሄደች። አማቷን ልትመርዝ ነበር የተባለች ሴት የት ትደርሳለች? ወደ ባሏ አትመለስ፣ ሌላ አያገባት፣ እናቷም ቀና ብላ ገበያ አትሄድ። ንድድ አለኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ኢኖባትንና እኔን ጠራን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከበላዩ አለቆች አሉት።

«ከወረዳ ይጠይቁኛል» አለ። «ኪኒኑን ማን እንደሰጣቸው ንገሩኝና ልገላገል።»

«ማን እንደሰጣቸው አላውቅም» አለች ኢኖባት። «እንዴት እንደደረሳቸው ግን ልጠይቅ።»

«ምን ለየው?»

«ማን ብዬ ስጠይቅ ሰው በሩን ይዘጋብኛል። እንዴት ብዬ ስጠይቅ ግን ሻይ ያቀርብልኛል። እኔ ደግሞ ሻይ እወዳለሁ።»

ሐኪሙ ሊቆጣ አስቦ ሳቁ ቀደመው። «በይ ሻይሽን ጠጪ፤ ግን ቶሎ» አላት።

መጀመሪያ የተሳሳተ መንገድ ነው የያዘችው፤ ጥፋቱም በከፊል የእኔ ምክር ነው። ገበያ ያለው መድኃኒት ቤት ኪኒኑን ከነማሸጊያው በመቀስ እየቆረጠ ይሸጣል፤ ስሙ የተጻፈበት ጎን ለአንዱ፣ ባዶው ጎን ለሌላው ይደርሳል። እኔ የባለቤቱ ዓይን አያምረኝም፤ ስለዚህ ጉዱ እሱ ጋ ነው ብዬ ማልሁ። ኢኖባት ሄዳ ግማሽ ቀን አብራው ቆመች። ለቱርሱኖይ ኾላ ቤት የሸጠው የግፊት ኪኒን ራሱ ነበር፤ ቀሪው አሁንም ቤታቸው አለ፤ አየችው፤ ትክክል ነው። ሰውዬው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ዓይኑ ግን አሁንም አያምረኝም።

ከዚያ ወደ ዜቢኒሶ ሄደች። «የዚያን ቀን ጠዋት ዶሮ ከጮኸ ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቷም ነገረቻት። ግቢ ጠረግሁ፤ ላሟን አለብሁ፤ እናቴ ከጎረቤታችን ከማቭጁዳ ኾላ የተመለሰውን ሳህን ራሳቸው ተቀብለው ገለበጡ፤ ውሃ ቀዳሁ፤ የግፊቱን ኪኒን ሰጠኋቸው፤ ዳቦ ልጋግር ምድጃውን ሳነድ ጠራኋቸው፣ መልስ የለም። ኢኖባት ይህን ሁሉ ሰማች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ምንም ሳይገባት ተመለሰች።

የገባት በራሷ ጓዳ ነው። ለጎረቤቷ ሾርባ በሳህን ልካ ነበር። በእኛ ዘንድ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሾርባ የሄደበት ወይን ይዞ ይመጣል፤ ወይን የሄደበት ሁለት እንቁላል፣ ምንም ከጠፋ አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ እሱም ከጠፋ አንድ እፍኝ ጨው። ባዶ ሳህን መመለስ «ከእንግዲህ አትምጪብኝ» ማለት ነው። ጎረቤቷ ሳህኑን ስትመልስ ታዲያ ደረቅ አፕሪኮት ሞልታበት፣ ከላይ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጣል አድርጋለች።

«ለሶቢር ወገብ ነው» አለቻት። «የኔን ሰውዬ ሕመሙን ነቅሎ ጥሎለታል።»

ኢኖባት ወረቀቱን ስትፈታ አራት ነጫጭ ኪኒኖች። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና እኔ ቤት እየሮጠች መጣች።

«ሙሃዮ! ያንቺ ሳህን ምን ይዞ ነው የሚመለሰው?»

«ምን ይዞ ይመለሳል፤ የሰጡኝን ነዋ!»

«መድኃኒት ይዞ ያውቃል?»

የለም ልላት ስል መደርደሪያዬ ላይ ያለው የዓይን ጠብታ ትዝ አለኝ። የማን ዓይን እንደነበረ ጠይቄ አላውቅም።

«ማቭጁዳ ኾላ ስኳር አለባቸው» አለች ኢኖባት ቀስ ብላ። «የዚያን ቀን ጠዋት ሳህን መልሰዋል።»

«በይ ተነሽ! አሁኑኑ ሄደን አንገታቸውን እንያዝ!»

«አንገታቸውን ከያዝን ምን ይላሉ?»

«አልሰጠሁም ነዋ።»

«እኮ» አለች። «ቀጣዩ ጋፕ ያንቺ ተራ ነው አይደል? ፕሎቭ ሥሪ።»

ጋፕ ማለት እኛ ሴቶቹ በወር በወር በየተራ በየቤታችን ተሰብስበን የምንበላበት፣ የምንስቅበትና ያልመጣችውን የምናማበት ነው። ፕሎቩን፣ ያን የሩዝና የሥጋ ምግባችንን፣ ሠራሁ፤ ሥጋውን አልሰሰትሁም። ቱርሱኖይ ኾላ አገግመው በምርኩዝ መጡ፤ ማቭጁዳ ኾላ ክንዳቸውን ደግፈው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ሁለቱ በአንድ ወር ሙሽራ ሆነው ነው እዚህ ሰፈር የገቡት፤ ከዚያ ወዲህ በመሃላቸው ያለው ግንብ ትንሽ በር ተበጅቶለት ሳህን ሲመላለስበት ኖሯል።

በልተን ስናበቃ ኢኖባት አንድ ባዶ ሳህን አንሥታ ገበታው መሃል አስቀመጠች።

«ምነው፣ ልታስወጪን ነው?» አለች አንዷ።

«የለም፤ ጨዋታ ነው። እያንዳንድሽ ሳህንሽ ይዞት የመጣውን የጉድ ጉድ ንገሪኝ። ከእኔ ልጀምር» አለችና የሶቢርን ወገብ ነገረች። «ሊውጠው አፉ ጋ አድርሶት ነው የነጠቅሁት!» ብላም ከራሷ ጨመረችበት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ቀጠለች። «እኔ ሳህኔ የአማቴን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይዞ ነው የመጣው! ጎረቤት ቤት አውልቀው ረስተውት፣ ከቼሪው ጋር ላኩልኝ።» ሌላዋ ስለ ግፊት ኪኒን አወራች። ሌላዋ «ለኔ ግማሽ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ መጣልኝ፤ ለሕፃኑ አጠጣሁትና ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለልኝ፤ ደስ ብሎኝ ልብስ አጠብሁ» አለች። ስቀን ሳናበቃ ኢኖባት «ሲቀሰቅሱት ይነቃ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። እኔም የዓይን ጠብታዬን ተናገርሁ። ከእኛ መሃል መድኃኒት ያልሰጠች ወይም ያልተቀበለች እንደሌለች ያኔ ነው ያወቅነው። ሁላችንም ደግሞ በፍቅር ነው ያደረግነው።

ማቭጁዳ ኾላ የሻይ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከዘቢቡ ሥር አድርጌ የላክሁት እኔ ነኝ። እግሬን ቀለል አድርጎልኝ ነበር። ቱርሱኖይ ደግሞ እግሬ ከበደኝ ስትለኝ… መልካም ነገር ለብቻ ይበላል እንዴ?» እንባቸው ወረደ። «ቱርሱኖይ፣ ገድዬሽ ነበር እኮ! ኪኒኑ የምራትሽ ነው ሲባል፣ ምናልባት የኔ አይደለም ብዬ ራሴን አታለልሁ።»

«ዝም በይ ማቭጁዳ» አሉ ቱርሱኖይ ኾላ። «አውቃለሁ።»

አሮጊቷ የጓደኛቸውን ሲኒ አንሥተው ሻይ ሞሉበት።

«ያን ቀን ጠዋት ወረቀቱን ፈትቼ የዋጥሁት እኔ ነኝ። አንቺ እንደላክሽው እንዴት አላውቅም?»

ኢኖባት ዕድሜዋን ሙሉ «ለምን» ስትል ኖራለች፤ እንደዚያን ቀን ግን ቀስ ብላ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። «ለምን ዝም አሉ ታዲያ፣ ኾላ?»

«ምን ልበል?» አሉ አሮጊቷ። «ምራት የቤት ሰው ናት። ልጄ ይጣላታል፣ ይታረቃታል፤ ብትሄድም ትመለሳለች። ማቭጁዳ ግን ካፈረች ያችን በር ትዘጋና እዚያው ትሞታለች። እኔስ ከማን ጋር ነው የማወራው?»

አልቻልኩም። «ልጅቷ እኮ መርዝ አብልታለች ተብላ ነው የወጣችው!» ብዬ ጮህኩ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው!»

ኢኖባት ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ። ገባኝ። እኔ ብቀጥል ለሚቀጥለው ጊዜ ማንም አፉን አይከፍትም። ቃሌን ዋጥሁት፤ ግን እንደ ትኩስ ሥጋ ነው ያቃጠለኝ።

«እኔ የፈለግሁት ኪኒኑ እንዴት እንደደረሰ ነው፤ አግኝቼዋለሁ» አለች ኢኖባት። «ማቭጁዳ ኾላ ባይናገሩ ኖሮ ነገ የሌላው ሰው ተራ ነበር። ከእንግዲህ ኪኒን ከምታደርጉበት ሳህኑ ባዶውን ይመለስ።»

ኡኡታ ተነሣ። ባዶ? እናቶቻችን ምን ይሉናል? በረከቱ ይሄዳል! ክርክሩ እስኪመሽ ዘለቀና በመጨረሻ ተስማማን። ቤት የተረፈ ኪኒን ያላት ሁሉ በሳህን አድርጋ ወደ ጤና ጣቢያው ታምጣ። ጤና ጣቢያውም ሳህኗን ባዶውን አይመልስም፤ ከግቢው ዛፍ ፖም ይሞላላታል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ «ጭራሽ ፖም ነጋዴ አደረጋችሁኝ!» ብሎ አጉረመረመ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን የሰፈሩ ኪኒን በቅርጫት ሲመጣ አይቶ ደነገጠ። ለወረዳውም የሰው ስም ሳይሆን የሳህኑን ነገር ጻፈላቸው። አሁን መድኃኒት ሲሰጥ «ይሄን ከአንቺ ሌላ ማን ይቀምሰዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እየሳቁም እውነቱን ይነግሩታል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዜቢኒሶ ግን አሁንም ወላጆቿ ቤት ናት።

ሰፈሩ እውነቱን አውቆላታል፤ ሩሲያ ያለው ባሏ ግን የሚያውቀው እህቱ የነገረችውን ነው። ቱርሱኖይ ኾላ ጥቂት ቀን ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ቆዩና አንድ ቀን ጠሩኝ። ትልቁን ሰማያዊ ሳህናቸውን አውጥተው፣ ፕሎቭ ሞልተው፣ ከላይ የድርጭት እንቁላል ደርድረውበታል። የድርጭት እንቁላል በእኛ ዘንድ ለክቡር እንግዳ ካልሆነ አይወጣም።

«ለዜቢኒሶ አድርሺልኝ» አሉኝ።

«ምን ብለዋል ልበላት?»

«ሳህኑ ይናገራል።»

አደረስሁላት። ዜቢኒሶ ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝ፤ ምግቡን ገለበጠች። ሳህኑን አጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፤ ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። ባዶውን።

እናቷ ጉንጫቸውን ያዙ። «ልጄ! ምን ነካሽ? ቢያንስ ዳቦ አድርጊበት!»

«ተዪው እናቴ» አለች ዜቢኒሶ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ኦፓ፣ እንዲሁ ስጪያቸው።»

በሕይወቴ ባዶ ሳህን ይዤ ተመልሼ አላውቅም። ሰው እንዳያየኝ በሻሼ ሸፈንሁት። ቱርሱኖይ ኾላ በር ላይ ሲጠብቁኝ ነበር፤ ኢኖባትም ግፊታቸውን ልትለካ መጥታ አጠገባቸው አለች። ሻሹን ገለጡ። ውስጡን ዐዩ፤ እጃቸውን አስገብተው ዳሰሱት፤ አንዲት ሩዝ እንኳ የለም። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ምርኩዛቸውን አነሡ። በእግራቸው፣ ባዶውን ሳህን በብብታቸው ይዘው፣ ወደዚያኛው መንደር መንገድ ጀመሩ። እኛ ከኋላ ተከተልን።

ዜቢኒሶ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አሮጊቷ ግቡ ቢባሉ እንቢ አሉ።

«ኪኒኑን ራሴ ነው የዋጥኩት» አሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ዐውቄ ዝም አልሁ። ያንቺ ስም ቢቆሽሽ ይታጠባል ብዬ ነው። የማይታጠብ መሆኑን ይሄ ሳህን ነገረኝ።»

ዜቢኒሶ ሳህኑን ዐየችው። «ለባህሮምስ ማን ይነግረዋል?» አለች።

«ናዞካት ናት የነገረችው፤ እሷ ታስተካክለዋለች።»

«ዝም ያለችው ናዞካት አይደለችም፣ እናቴ።»

ኢኖባት ከጎኔ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ ይህንንም ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አሮጊቷ ሳህኑን ለዜቢኒሶ ሰጡ። ከደረታቸው ሥር ስልካቸውን አወጡና ቁጥሮቹ አልታይ ቢሏቸው ወደ እሷ ዘረጉት። ዜቢኒሶ ደውላ መለሰችላቸው። ሲጠራ ሁላችንም እንሰማዋለን።

«ባህሮም» አሉ ቱርሱኖይ ኾላ። «እናትህ ነኝ። ሥራህን አቁምና ስማኝ፤ የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»